ተለስኖ በተቀባ ግድግዳ ውስጥ የሶኬት ሳጥን መቅበር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

ሶኬት የጎደለበት ቦታ የሚታወቀው ቤቱ ተሠርቶ፣ ተለስኖና ተቀብቶ ኑሮ ከተጀመረ በኋላ ነው። ፍሪጁ የሚቆምበት ጥግ ሶኬት የለውም፤ የልጆች ማጥኛ ጠረጴዛ ከሶኬቱ ተቃራኒ ግድግዳ ጋር ነው፤ ምጣዱ ከጓሮ ማዕድ ቤት ወደ ውስጥ ሲገባ የሚሰካበት አይገኝም። በዚህ ጊዜ አብዛኞቻችን የምናደርገው ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ እየቀጠልን በምንጣፍ ሥር መዘርጋት ነው። ምንጣፍ ሥር ያለ ሽቦ ይረገጣል፣ ይሞቃል፣ መሞቁም አይታይም። ስለዚህ የአንድ ቀን አቧራ ታግሶ፣ በሚፈለገው ቦታ ላይ ሳጥን ቀብሮ ቋሚ ሶኬት ማውጣት እጅግ የተሻለ ነው።

ከሚከተለው ሥራ ውስጥ ቦታ መምረጡን፣ ግድግዳ መቁረጡን፣ ሳጥንና ቱቦ መቅበሩንና መልሶ መለሰኑን ጥንቁቅ የሆነ ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። አዲሱን ሽቦ ከነባሩ መስመር ወይም ከብሬከር ሳጥኑ ጋር ማገናኘት ግን የብቃት ማረጋገጫ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚተው ነው። ቆጣሪውና ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በመሆኑ፣ በምንም ምክንያት ማኅተሙ አይፈታም። የሚኖሩት በኪራይ ቤት ከሆነ ደግሞ መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ቱቦው የሚያልፍበትን መስመርም ያሳዩአቸው፤ እርስዎ ከወጡ በኋላ ሚስማር የሚመቱት እሳቸው ወይም ቀጣዩ ተከራይ ናቸውና።

ግድግዳው ምንድን ነው?

ቀለምና ልስን ግድግዳን ሁሉ ያመሳስላሉ። በደሴ ነባር ሰፈሮች ከውጭ ሲያዩት ብሎኬት የሚመስል፣ ሲቆረጥ ግን እንጨትና ጭቃ ሆኖ የሚገኝ ቤት ብዙ ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ የፊቱ ክፍል ብሎኬት፣ ከኋላ ያለው ጭቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳጥኑ በሚቀመጥበት በዚያው ክበብ ውስጥ፣ ኋላ በሶኬቱ ሽፋን በሚሸፈነው ቦታ ላይ፣ በቀጭን የድሪል ጫፍ አንዲት ቀዳዳ በስተው የሚወጣውን ዱቄት ይመልከቱ። በመጀመሪያ ነጣ ያለ የልስን ዱቄት ወጥቶ፣ ከ2 ሳንቲ ሜትር ያህል በኋላ ግራጫና ሻካራ ከሆነ፣ ቀጥሎም ድሪሉ ድንገት ወደ ባዶ ከገባ ብሎኬት ነው። ቡናማ አፈርና የጭድ ስባሪ ከወጣ ጭቃ ነው። ድሪሉ እየጮኸ አልገባ ካለ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ነው። ነጭ ዱቄት ብቻ ወጥቶ በ12 ወይም በ13 ሚሊ ሜትር ላይ ባዶ ካገኙ ጂፕሰም ቦርድ ነው።

ይህች ቀዳዳ የዘዴውም፣ የዕቃውም፣ የድካሙም ልክ የምትወሰንባት ስለሆነች አትዘለል። ይሁን እንጂ እሷንም ለመብሳት በመጀመሪያ መብራቱ ይቆረጥ፤ ድሪሉ በባትሪ ወይም ከጎረቤት በተሳበ መስመር ይሥራ።

ቦታ መምረጥ

በሳሎንና በመኝታ ቤት የሶኬቱ ሳጥን ከተጠናቀቀው ወለል 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይበቃል። በማዕድ ቤት ከመደርደሪያው በላይ እንዲሆን ከወለል 110 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ከእቃ ማጠቢያው ጠርዝም ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሶኬት ባይገባ እመክራለሁ።

ደሴ ላይ ከከፍታው ይልቅ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ስለ እርጥበት ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ የተሠራች በመሆኗ የብዙ ቤት የኋላ ግድግዳ በከፊል አፈር ተደግፎ ይቆማል። ክረምት ሲገባ ውሃው ከአፈሩ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል፤ ቀለሙም ከታች ጀምሮ ያብጣል፣ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ይረግፋል። እንዲህ ባለ ግድግዳ ውስጥ ሳጥን አይቀበርም። የሚጠራጠሩ ከሆነ ክንድ በክንድ የሆነ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በናስትሮ ግድግዳው ላይ ለጥፈው አንድ ሙሉ ቀን ይተውት፤ ሲያነሱት ከሥሩ ጠል ካገኙ ሌላ ግድግዳ ይምረጡ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ምርጫ ከሌለ መስመሩ በኮርኒስ በኩል መጥቶ፣ ሶኬቱ ከግድግዳው ፊት በሚለጠፍ ሳጥን፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ከነባር ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያለው መስመር የድሮ ሽቦ የሚያልፍበት ስለሆነ እዚያ ላይ አይቁረጡ። ከኮለንና ከቢም፣ ማለትም ከኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ፣ ይራቁ፤ የውስጡ ብረት ቤቱን የተሸከመ ነውና። ግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ከወዲያኛው ክፍል በትይዩ ሌላ ሶኬት አለመኖሩን ይመልከቱ፤ 4.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ሁለት ሳጥኖች ጀርባ ለጀርባ ከገቡ በመሐላቸው የሚቀረው 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ነባሩ መስመር ይችላል ወይ?

አዲሱ ሶኬት ኃይሉን ከየት ያገኛል የሚለው ጥያቄ ግድግዳ ከመቆረጡ በፊት ይመለስ። የሶኬት መስመር 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ሆኖ በ16 አምፔር ብሬከር ይጠበቃል፤ የመብራት መስመር አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ከመብራት መስመር ሶኬት አይወጣም። ከማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን እናውጣ የሚል ሐሳብ ሲነሳም ብዙ ጊዜ እዚያ ኒውትራል (ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ) እንደሌለ ያስታውሱ።

ለስልክ፣ ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ ከነባር ሶኬት ቀጥሎ ማውጣት ይቻላል። ምጣድ ግን የተለየ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ይህም ማለት አንድ ምጣድ ብቻውን የተለመደውን ሶኬትና ብሬከር እስከ አፉ ይሞላዋል፣ የሚጋገረውም ለደቂቃዎች ሳይሆን ለሰዓታት ነው። ስለዚህ ምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ሽቦው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፤ የብሬከሩንና የመሰኪያውን ልክ ባለሙያው ይወስን። ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግር ሽቦውን ሳይቀይሩ በትልቅ ብሬከር መተካት በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ራሱ እንደ ፊውዝ ሞቆ እንዲቀልጥ መፍቀድ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሳጥኑንና ሶኬቱን አብረው ይግዙ፤ ሱቁ ውስጥም አንዱን በሌላው ላይ ገጥመው ይዩ። ክቡ ሳጥን የብሎን ቀዳዳዎቹ በ60 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ረዘም ያለው ባለ ሦስት ክፍሉ ሳጥን 83.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ከዚህ ሌላ 16 ወይም 20 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ፣ ሦስት ዓይነት ቀለም ያለው የመዳብ ሽቦ፣ ሞርሴቶ (ሽቦ ከሽቦ ማገናኛ)፣ ናስትሮ፣ መዶሻና የግንበኛ መሮ፣ ድሪል፣ ከተገኘም ግራይንደር ከኮንክሪት ዲስክ ጋር፣ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና መልቲሜትር ያስፈልጋል። የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አይረሱ፤ ግራይንደር ከብሎኬት የሚያስነሳው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

መብራት ሄዷል ተብሎ አይጀመር

መብራት ሲጠፋ «አሁን ምቹ ነው» ብሎ ሶኬት መፍታት በየቤቱ የተለመደ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ በሚገኘው ቤታችን ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶበት ሳለ፣ ብሬከሩን ሳላወርድ የሳሎኑን ሶኬት ፈታሁ። ሁለተኛውን ብሎን በማላላት ላይ ሳለሁ ከጓዳ የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ ሰማሁ፤ ድምፁ ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባኝ ካቻቢቴው ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝቶ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። እጄ የነበረው በፕላስቲኩ እጀታ ላይ ስለነበር እኔ ተረፍኩ። የካቻቢቴው ጫፍ ግን አይጥ የበላው መስሎ ጎርጉዶ ቀርቷል፤ አሁንም ከዕቃዎቼ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ስለዚህ መብራት ኖረም አልኖረም ዋናው ብሬከር ይውረድ፤ በላዩ ላይ ናስትሮ ይለጠፍበት፤ ለቤተሰቡም ማንም እንዳይነካው ይነገር። ከዚያ በኋላ መልቲሜትሩን ለማመን በመጀመሪያ መብራት እንዳለበት በሚያውቁት ቦታ፣ ለምሳሌ በጎረቤት ሶኬት ላይ፣ ይሞክሩት፣ ቀጥሎ በሚሠሩበት ሶኬት ላይ ይለኩ፣ በመጨረሻም መልሰው በሚያውቁት ቦታ ያረጋግጡት። ሰፈሩ ሁሉ ጠፍቶ ከሆነ መልቲሜትርዎን የሚፈትኑበት ስለማይኖር፣ መብራት እስኪመጣ ቢጠብቁ ይሻላል። ትንሿ መብራት ያላት ቴስተር ካቻቢቴ ለፍንጭ ትሆናለች እንጂ ነፍስ አይጣልባትም።

በብሎኬት ግድግዳ ላይ

ሳጥኑን በተመረጠው ቦታ ላይ በአፉ ደፍተው፣ በውሃ ልክ አስተካክለው ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩ፤ ከመስመሩም ውጭ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጨምረው ሁለተኛ መስመር ይሳሉ። የሚቆረጠው በሁለተኛው ነው፤ ያች ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቡኬቱ (በውሃ የተቦካው ሲሚንቶና አሸዋ) የሚገባባት ናት። የቱቦውን ቦይ ከሳጥኑ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ወደ ኮርኒሱ፣ ወይም ወደ ታች ይሳሉ። ሰያፍ ቦይ ፈጽሞ አይቆረጥ። ቱቦ ቆጥበው በሰያፍ የወሰዱት ሽቦ ነገ ሥዕል ለመስቀል ሚስማር የሚመታ ሰው ፈጽሞ የማይጠብቀው ቦታ ላይ ይገኛል።

የቦይ ጥልቀት ልክ አለው። ወደ ላይ የሚሄድ ቦይ ከግድግዳው ውፍረት ከሲሶ፣ አግድም የሚሄድ ደግሞ ከስድስት እጅ አንዱን እንዳያልፍ ይደረጋል፤ ለ15 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ይህ 5 እና 2.5 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ፣ የፊት ገጹም ስስ ስለሆነ ግን አግድም ቦይን ጭራሹን ቢተዉት ይመረጣል። 16 ሚሊ ሜትር ቱቦ ለመቅበር ልስኑን ጨምሮ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል።

ሲቆረጥ በመጀመሪያ ልስኑ ብቻ በመስመሩ ላይ በግራይንደር ወይም በስለታም መሮ ይከፈል፤ ያለዚያ መዶሻው ሲያርፍ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ከመስመሩ ውጭ እየተቀረፈ ይሄዳል። ከዚያ በመስመሩ ውስጥ ዙሪያውን በድሪል፣ ቀዳዳ ከቀዳዳ አጠገብ ይበሱ፤ የድሪሉን መምቻ አጥፍተው በማሽከርከር ብቻ ይሥሩ። ቀዳዳዎቹ ሲያልቁ መሐሉን በቀላል መዶሻ፣ ከመሐል ወደ ዳር ሳይሆን ከዳር ወደ መሐል እያዘነበሉ ያውጡት። ብሎኬት በአንድ ኃይለኛ ምት የሚሰበረው በፈለጉት በኩል አይደለም፤ ገጹ እስከ ቀጣዩ መጋጠሚያ ድረስ ተሰንጥቆ፣ የሶኬት ቀዳዳ ይሆናል የተባለው የውሻ መግቢያ ሲሆን አይቻለሁ።

ሳጥኑ ሲገባ ከኋላው ብዙ ጊዜ የብሎኬቱ ባዶ ክፍል ይከፈታል። ቡኬቱ ወደዚያ እየወደቀ እንዳያልቅ ከሲሚንቶ ከረጢት የተቀደደ ወረቀት አጨማደው ባዶውን ከታች ይድፈኑት። ቱቦው በሚመጣበት በኩል ያለችውን የሳጥኑን ክብ ሽፋን ብቻ ሰብረው ቱቦውን ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ያሳልፉ፤ ሌሎቹ ሽፋኖች ይቅሩ። የሳጥኑን ሆድ በጋዜጣ ወይም በላስቲክ ሞልተው አፉን በናስትሮ ይዝጉ።

ቀዳዳውን በብሩሽ ጠርገው፣ ውሃ እየረጩ በደንብ ያርጥቡት፤ ደረቅ ብሎኬት የቡኬቱን ውሃ ስለሚመጠው ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል። አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ ጋር ወፈር አድርገው አቡክተው፣ በቀዳዳው ጀርባና ጎን ለድፈው ሳጥኑን ወደ ውስጥ ይግፉት፤ ቡኬቱ በየጎኑ ተጨምቆ መውጣት አለበት። አሁን ሳይቸኩሉ ያስተካክሉ። የሳጥኑ አፍ ከቀለሙ ገጽ ጋር እኩል ይሁን፤ ቢበዛ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ እንጂ ወደ ውጭ አይውጣ፤ ከወጣ የሶኬቱ ሽፋን ዕድሜ ልኩን ተንጋዶ ይታያል። ውሃ ልኩን ከላይም ከጎንም ያስጠጉ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ሶኬቱ በሚፈልገው አቅጣጫ መሆናቸውንም ይዩ፤ ክብ ሳጥን በተለይ በቀላሉ ይዞራል። ሳጥኑ እንዳይንሸራተት የሚያስጨንቅዎት ከሆነ በሁለት ጥግ በኩል ጥቂት ጂፕሰም ያሲዙት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል።

ቱቦው በየግማሽ ሜትሩ በጂፕሰም ወይም በሚስማርና በሽቦ ይያዝ። ኩርባው ሰፊ ይሁን፤ ከሳጥን እስከ ሳጥን ድረስ ከሁለት በላይ ኩርባ ካለው ሽቦ ለመሳብ ያስቸግራል። ቦዩ ከመደፈኑ በፊት ሜትሩን አጠገቡ ዘርግተው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ይህ ፎቶ ከአምስት ዓመት በኋላ መጋረጃ ለመስቀል ሲነሡ ያለውን ዋጋ ያዩታል።

ቦዩ አርጥቦ በሁለት ዙር ይደፈን፤ በመጀመሪያው ዙር ከገጹ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ተደርጎ፣ ሰፋ ባለው ቦታ ላይ መረብ ተለጥፎ፣ በማግስቱ ይጨረስ። ስቱኮና ቀለም የሚደረገው ሲደርቅ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስለሆነች፣ በበጋ ልስኑ ቶሎ ስለሚደርቅ ጠዋትና ማታ ውሃ እየረጩ እንዳይሰነጠቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ደግሞ በክረምቱ ጉም አንድ ሳምንት እንኳ ላይበቃው ይችላል፤ እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ያብጣልና ይታገሡት።

በጭቃ ቤት

የጭቃ ግድግዳ ለስላሳ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን እሱ ነው። ምርጊቱ ጭድ አለበት፣ ከምርጊቱ ኋላ ደግሞ የደረቀ ቋሚና ማገር አለ፤ ሁለቱም ይነድዳሉ። በድሮ ቤቶች ሽቦው ያለ ቱቦ በቀጥታ በምርጊቱ ውስጥ ተቀብሮ ሳገኝ ልቤ ይደነግጣል፤ ሲቀጠልም በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ ነው። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ሽቦ ያለ ቱቦ አይገባም፤ ከሳጥን ውጭ አንድም ቅጥያ አይደረግም።

ቋሚዎቹ ያሉበትን በጣት አንጓ እያንኳኩ ይፈልጉ፤ እንጨት ያለበት ጠንካራና አጭር፣ ጭቃው ደግሞ ታፍኖ የሚቀር ድምፅ ይሰጣል። ሳጥኑ በሁለት ቋሚዎች መካከል ይሆናል። ቋሚ አይቆረጥም፤ ማገርም ካጋጠመ ሳጥኑን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ምርጊቱን ውሃ ነካ እያደረጉ በቢላዋ ወይም በመሮ ቀስ ብለው ያውጡት፤ በመዶሻ ከመቱት በወዲያኛው ክፍል በኩል ያለው ልስን በሙሉ ሊወርድ ይችላል። ጭቃ ሳጥንን አይዝም፤ መሰኪያ በተነቀለ ቁጥር ሳጥኑ አብሮ እየተላቀቀ ይመጣል። ስለዚህ ከአንዱ ቋሚ እስከ ሌላው የሚደርስ ጠንካራ ጣውላ በስተኋላ አግድም አስገብተው በብሎን ያሰሩ፤ ሳጥኑም በጀርባው ከዚያ ጣውላ ጋር በሁለት ብሎን ይታሰር። ክፍተቱ ጭድ ባለው፣ በቦካ ጭቃ ይደፈንና በደንብ ይድረቅ፤ በቀጥታ በሲሚንቶ ቢደፈን ከጭቃው ጋር ስለማይዋሃድ ዙሪያውን ተሰንጥቆ ይለያል።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ሶኬት የሚበዛ ከመሰለዎት፣ ሶኬቱን ከግድግዳ በላይ በሚለጠፍ ሳጥን፣ ሽቦውን ደግሞ ትራንኪንግ በሚባለው ባለ ክዳን የፕላስቲክ መሄጃ ማምጣት የሚያሳፍር አይደለም። ላረጀ የጭቃ ቤት እኔ የምመርጠውም ይህንኑ ነው። በድንጋይ ግንብ ላይም እንዲሁ ይደረግ። ጂፕሰም ቦርድ ላይ ደግሞ 68 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ መቁረጫ በስቶ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ጆሮው ከኋላ ቦርዱን የሚቆነጥጥ የተለየ ሳጥን ማስገባት ብቻ ነው፤ የብሎኬቱን ሳጥን እዚያ ላይ በጂፕሰም ለጥፎ ለማስቀረት አይሞከር።

ሽቦ መሳብ፣ ማሰርና መፈተን

ልስኑ ከያዘ በኋላ ሦስቱ ሽቦዎች በአንድነት ይሳባሉ፦ ፌዝ (ኃይሉ የሚመጣበት)፣ ኒውትራልና ኧርዝ (የመሬት መስመር)። አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለበት ሽቦ ለኧርዝ ብቻ ነው፤ ሌላው አለቀ ተብሎ ለፌዝ አይዋል። ሰማያዊው ኒውትራል ይሁን። በድሮ ቤት ግን የነባሩን ሽቦ ቀለም አይመኑ፤ ባለሙያው በመልቲሜትር ይለየው። በሳጥኑ ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ይቅር፤ አጭር ሽቦ ሶኬቱን ወደ ውስጥ ሲጎትት ይኖራል።

ሽቦው የሶኬቱ ማሰሪያ በሚችለው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ይላጥ፤ መዳቡ ከማሰሪያው ውጭ አይታይ፣ ፕላስቲኩም ከብሎኑ ሥር አይግባ። ብሎኑን ካጠበቁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ በእጅዎ ሳብ አድርገው ይፈትኑት። የላላ ማሰሪያ ይሞቃል፤ የጠቆረና የቀለጠ ሶኬት ሁሉ መነሻው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ነባሩ መስመር የኧርዝ ሽቦ ከሌለው ሶኬቱ ላይ ኧርዝን ከኒውትራል ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት በፍጹም አይደረግ። ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ መልቲሜትርም ሲለካ ትክክል ያስመስለዋል። ነገር ግን ኒውትራሉ በሆነ ቦታ የተቋረጠ ዕለት የፍሪጁ ብረት አካል 220 ቮልት ይዞ ይቆማል፤ በሩን የሚከፍተው ልጅ ሊሆን ይችላል። የመሬት ዘንግ አስተክሎ መስመሩን እስከ ብሬከር ሳጥኑ ማምጣት የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያው በመጣበት ቀን ወደ መሬት የሚፈስ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በቅጽበት የሚቆርጠውን የ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ አብሮ እንዲያስገባ ይጠይቁት።

ሶኬቱ ታስሮ፣ ሽፋኑም ተገጥሞ ብሬከሩ ሲነሣ ሦስት ልኬት ይወሰዳል። በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አካባቢ፣ በፌዝና በኧርዝ መካከልም እንዲሁ፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከተለየ ብሬከሩ ወዲያው ወርዶ ሥራው እንደገና ይታይ። ልኬቱ ከተስተካከለ እንደ ካውያ ያለ ኃይል የሚስብ ዕቃ ሰክተው ለግማሽ ሰዓት ያሠሩ፤ ከዚያም መሰኪያውን ነቅለው መዳፍዎን በሶኬቱ ሽፋን ላይ ያሳርፉ። ሙቀት ከተሰማዎት ብሬከሩን አውርደው፣ በመልቲሜትር አረጋግጠው፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ያጥብቁ፤ እንደገናም ይፈትኑት።